ፍሬኑን ያሟሸሁበት ቀን

ኅዳር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ መተማ

ዛሬ የጤና ጣቢያውን ላንድክሩዘር የፊት ፍሬን ዲስክና ሸራ በራሴ እጅ ቀየርኩ። መኪናውን ገና ከክሪክ ሳላወርደው ነርሷ ሲስተር ዘነበች መጡ። ኮኪት መንደር አንድ የሰሊጥ አጫጅ ወባ ጥሎታልና ቶሎ እናምጣው አሉ።

"ስንሄድ ባዶ ስለሆንን አዲሱ ሸራ እንዲላመድ ፍሬኑን እያሟሸሁ ነው የምነዳው፤ እንዳይደነግጡ" አልኳቸው።

ሜዳው ላይ ፍጥነት እጨምርና ጨርሼ ሳላቆም ፍሬን እይዛለሁ፤ ከዚያ እንዲቀዘቅዝ ለቅቄ እነዳለሁ። እንዲህ ስደጋግም የሸራው ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ሲስተር የበሩን እጀታ ጨብጠው "ኧረ መኪናው ተቃጠለ፣ አቁሚ!" አሉ።

"አዲስ ሸራ ነው፤ ሲላመድ ይተወዋል።"

እንዲህ አልኩ እንጂ እኔም ፈርቼ ነበር። እየነዳሁ ያሰርኩትን ብሎን ሁሉ በሐሳቤ እንደገና አጠበቅኩ።

ስንመለስ በሽተኛው፣ የጎጃም ልጅ፣ ከኋላ ተኝቷል። ድንገት ከሰሊጡ ማሳ ውስጥ አንድ ትራክተር በተጎታቹ ሠራተኛ ሞልቶ መንገዱ ላይ ወጣ። ፍሬኑን ረገጥኩት። መኪናው ወደ ጎን ሳይጎትት ቀጥ ብሎ ቆመ። ተጎታቹ ላይ ያሉት ሰዎች ፊታቸው አንድ በአንድ ይታየኝ ነበር።

በሽተኛው ቀና ብሎ "ደረስን እንዴ፣ እትዬ?" አለኝ።

"ገና ነው ወንድሜ፣ ተኛ።"

ጤና ጣቢያ ስንገባ ሲስተር ለተሰበሰበው ሰው "ሾፌራችን ባትኖር ዛሬ አልቀን ነበር" አሉ። እስከ ዛሬ "ልጅቱ" ነበር የሚሉኝ። ፈገግታዬ እንዳይታይ ጎማውን የምመለከት መስዬ አጎነበስኩ።