ያለ ድምፅ ያስተማሩት የሒሳብ መምህርት የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ልንሰናበታቸው የተሰበሰብንላቸው ታላቅ እህታችን፣ ከግንበኛው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ አባታችን በገዛ እጃቸው በሠሩት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። እናታችን ይሉ እንደነበረው፣ እግራቸው ሳይጠና አፋቸውን ፈቱ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ያሉበትን ቀን የሚያስታውስ ዘመድ የለም። ከአባታችን ጋር የሚሠሩት ግንበኞች «ሬዲዮ» ብለው ስም አወጡላቸው። አባታችንም ደክመው ሲገቡ፣ «እባካችሁ የዚህችን ልጅ ባትሪ አውጡልኝ» ይሉ ነበር። ባትሪውን ግን ማንም አላገኘውም፤ ስሙም እንደተጣበቀባቸው ቀረ።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ። ከመምህሩ ያልገባው ልጅ ሁሉ በእረፍት ሰዓት እሳቸውን ከብቦ ደረጃው ላይ ይቀመጥ ነበር። እኔ ታናሽ እህታቸውም ከከበቧቸው አንዷ ነበርኩ። ሒሳቡ አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም፤ የምቀመጠው ድምፃቸው ደስ ስለሚለኝ ነው። በዩኒቨርሲቲ ሒሳብን አጥንተው በከፍተኛ ማዕረግ ሲመረቁ፣ መምህሮቻቸው እዚያው ቀርተው እንዲያስተምሩ ለምነዋቸው ነበር። እሳቸው ግን «እዚህ ያሉት የገባቸው ናቸው፤ እኔ የምፈልገው ያልገባቸውን ነው» ብለው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዱ።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው የተመደቡበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ዝናብ ሲጥል ሌሎቹ መምህራን ጠመኔያቸውን አስቀምጠው እስኪያባራ ይጠብቃሉ። የእሳቸው ክፍል ግን ይቀጥላል። ከአጠገባቸው ያለው ክፍል ያስተምሩ የነበሩት የፊዚክስ መምህር፣ ዛሬም ከመካከላችን ያሉት፣ በዝናብ ቀን የራሳቸውን ትምህርት ትተው በግድግዳው በኩል የእሳቸውን ይሰሙ እንደነበር ነግረውኛል። ለመሰናዶ ተማሪዎች የሚሰጠውን ከፍተኛውን ሒሳብ፣ ሊሚቱንም ካልኩለሱንም፣ ያለ መጽሐፍ ከአፋቸው እያወረዱ ሠላሳ ዓመት ገደማ አስተማሩ።

ባለቤታቸውን ያገኟቸው እዚያው ትምህርት ቤት ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው፤ የተቃጠለ ሶኬት ሊቀይሩ መጥተው፣ በሽቦው ውስጥ ያለው ኃይል በምን ዓይነት ማዕበል ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚል እስኪመሽ ሲብራራላቸው ዋሉ። ባለቤታቸው የታወቁ ዝምተኛ ናቸው። «ምን ብለህ ነው ያገባሃት?» ሲባሉ፣ «ምንም አላልኩም፤ ጊዜም አልሰጠችኝ» ይላሉ። በትዳራቸው ዛሬ የመድኃኒት ባለሙያ የሆነችውን አንዲት ልጃቸውን አፈሩ።

ለትምህርት ቤቱ ላፕቶፖች፣ ታብሌቶችና አንድ ፕሮጀክተር በመጡ ጊዜ ዕቃው እንዳይበላሽ ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት። እህታችን ቁልፉን እስኪያገኙ ድረስ ርዕሰ መምህሩን መግቢያ መውጫ አሳጧቸው። ግራፍ የሚስለውን ፕሮግራም ሲያገኙማ የሚሆኑትን አጡ። አንዷን ቁጥር በጣታቸው ገፋ ሲያደርጓት መስመሩ ይለጠጣል፣ ይታጠፋል፣ ይገለበጣል። ቤት ይዘውት መጥተው ያሳዩኝ ቀን፣ የአርባ ስድስት ዓመት ሴት አፋቸውን ከፍተው መስመሩን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያመላልሱ አመሹ። ባለቤታቸው ፕሮጀክተሩን ከክፍሉ ጣሪያ ላይ ሰቀሉላቸው።

በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ድምፃቸው መሻከር ጀመረ። ጠመኔው ነው፣ ጉንፋን ነው ሲባል ቆይቶ ሐኪሙ የጉሮሮ ካንሰር መሆኑን ነገሯቸው። ለመዳን የድምፅ ሳጥናቸው መውጣት ነበረበት፤ ከዚያ በኋላ የሚተነፍሱት አንገታቸው ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው፤ ዳግመኛም አይናገሩም። ቀዶ ሕክምናው በሚደረግበት ጧት ቤተሰቡ ሁሉ አልጋቸውን ከብበን፣ በዚያ ድምፅ የሚነገረውን የመጨረሻ ቃል እንጠብቅ ነበር። አልጋው መገፋት ሲጀምር ቀና ብለው ልጃቸውን፣ «የፕሮጀክተሩን ገመድ ረጅሙን ግዢ፤ ያ አጭሩ አይደርስም» አሏት። በሩ ተዘጋ። እያለቀስን ሳቅን።

ከሕመማቸው አገግመው አንገታቸውን በሻሽ ሸፍነው ሲመለሱ፣ ርዕሰ መምህሩ በአክብሮት ተቀበሏቸውና የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረቡላቸው። ዛሬ እዚህ ስላሉ ይህን በማንሣቴ አይቀየሙኝም፤ ራሳቸውም ሲያወሩት እሰማለሁ። ያሰቡት በቅንነት ነው፤ መናገር የማትችል መምህርት የምትባል ነገር ማን ሰምቶ ያውቃል? እህታችን በወረቀት ላይ እንዲህ ብለው መለሱ፦ «አንድ መንፈቅ ስጡኝ። የልጆቹ ውጤት ከወረደ ማንም ሳይጠይቀኝ ራሴ ቤተ መጻሕፍቱን እከፍታለሁ።» በዚያ መንፈቅ ላይ ሙሉ ኑሯቸው ተንጠለጠለ። ካላስተማሩ ምን እንደሚሆኑ እኛም፣ እሳቸውም አናውቅም ነበር።

አጀማመሩ አላማረም። አንገት ላይ ተይዞ እንደ ንብ እየጮኸ በድምፅ ምትክ የሚያናግረውን መሣሪያ ሞከሩት፤ አንድ እጃቸውን ስለያዘባቸው ተዉት። ከዚያ እንደ ቀድሞው መናገር ስላማራቸው፣ ሊናገሩት የነበረውን ሁሉ ቀልዱን ጭምር ጽፈው በፕሮጀክተሩ ያሳልፉት ጀመር። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይገለብጣሉ፤ የብዕር ድምፅ ብቻ ይሰማል። የመጀመሪያው ፈተና ሲታረም ክፍሉ ወደቀ። ያን ሳምንት ምግብም አልበላ አላቸው። እኔ ልጠይቃቸው ስሄድ የፈተናው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ፣ እሳቸው ግድግዳ ግድግዳውን ያዩ ነበር።

በማግስቱ የሆነውን የነገሩኝ የፊዚክስ መምህሩና በዚያ ክፍል የነበሩ ተማሪዎች ናቸው። እህታችን ስክሪኑን ሲያበሩ አንድም ቃል አልነበረበትም። አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ ከታች ተነሥታ ትወጣለች፣ መሐል ላይ ጋደም ትላለች፣ ከዚያ እንደገና ትወጣለች። መስኮቱ ጋ ሄደው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። «ቲቸር፣ ጥያቄው ምንድን ነው?» ቢሏቸው ወደ መስመሯ ጠቆሙ። በመጨረሻ ከኋላ የምትቀመጥ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ፣ «እዚያ መሐሉ ላይ ትዞራለች» አለች። እህታችን ቦታዋን በፕሮግራሙ አጉልተው አሳዩ። «የት ዞረች?» አለች ሌላዋ። «አረፍ አለች እንጂ መውጣቷን መች ተወች?» ከዚያ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ተነሥቶ ሰሌዳ ላይ ይስላል፣ ሌላው ይደመስስበታል፤ ጩኸቱ ኮሪደሩን ሞላው። የፊዚክስ መምህሩ «እዚህ ቤት መምህር የለም እንዴ?» እያሉ በሩን ሲከፍቱ፣ እህታችንን መስኮቱ ጋ ቆመው አዩአቸው። ዕንባቸው በሻሻቸው ላይ ይወርድ ነበር።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ልጆቹ መስመሯ ጋደም ያለችበት ቦታ ሁሉ መዞሪያ እንዳልሆነ፣ ከወዲህም ከወዲያም ያለውን ማየት እንደሚያስፈልግ በራሳቸው ቃል ደረሱበት። ሬዲዮ ይህን ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩት ኖረዋል፤ ከተማሪ አፍ ግን ሳያስተምሩት ሲወጣ የሰሙት ያን ዕለት ነበር። ማታ ለእኔ በስልክ የላኩልኝ መልእክት እንዲህ ይላል፦ «እኔ እያወራሁ ለካ ወረፋቸውን ይዤባቸው ነበር።»

መናገር የማይችል ሰው በየጧቱ «ዛሬ እንዲህ አድርጉ» ማለት አይችልም። ስለዚህ ሳምንቱ ራሱ እንዲናገርላቸው አደረጉ። ሰኞ የግምት ቀን ሆነ፤ ፕሮግራሙ ግራፉን ከመሳሉ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ይመጣል ብሎ ያሰበውን በታብሌቱ ላይ በጣቱ ይስላል፤ የሁሉም ሥዕል አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ ማሽኑ እውነተኛውን ይስላል። ማክሰኞና ረቡዕ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ብዕር ይሠራሉ። ብዕር የያዘ አይናገርም፣ የሚናገር ብዕር አይዝም። ሐሙስ አንዱ ሰሌዳው ጋ ወጥቶ ያስረዳል፣ ክፍሉም ያፋጥጠዋል። አርብ ደግሞ እያንዳንዱ የሳምንቱን ስሕተቱን ይዞ ይመጣና በስክሪኑ ላይ ያሳያል፤ ብዙ ያስተማረው ስሕተት በጭብጨባ ይመረጣል። አንድ ሹፌር አባት «ልጄ በመሳሳቴ ተጨበጨበልኝ ትላለች፤ ይህ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?» ብለው ተቆጥተው መጥተው ነበር። አርብ ዕለት ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሲወጡ፣ «የሚቀጥለውስ አርብ መምጣት ይቻላል?» ብለው ጠየቁ ይባላል።

መንፈቁ ሲያልቅ ውጤቱ ካለፉት ዓመታት ሁሉ በለጠ። ርዕሰ መምህሩ የቤተ መጻሕፍቱን ጉዳይ ዳግመኛ አላነሡም፤ እንዲያውም እንግዳ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያስገቡት እዚያ ክፍል ሆነ። እኔም አንድ ቀን ገብቼ አይቻለሁ። ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት እህቴን መፈለግ ነው። ሠላሳ አምስት ልጅ ይሟገታል፣ ይስላል፣ ይስቃል፣ ይደመስሳል፤ እሳቸው አንዱ ዴስክ ጥግ ቁጢጥ ብለው፣ የሁለት ልጆችን ወረቀት እያዩ በጣታቸው አንድ ቦታ ነካ ያደርጋሉ። ልጆቹ ነካ ያሉበትን አይተው «ወይኔ» ይላሉ። ሌላ ነገር የለም። ሒሳብ የማይገባኝ እኔ፣ አንድ ትልቅ ነገር ፊት ለፊቴ እየሆነ መሆኑ ገብቶኝ ቆሜ ቀረሁ። እንዴት እንደሚሠራ ዛሬም ማስረዳት አልችልም።

በቤታቸውም ነገሩ ተገለበጠ። ያ ዝምተኛ ባለቤታቸው ቤቱ ጭር ሲልባቸው ጊዜ ማውራት ጀመሩ። ሲገቡ የትኛው ቤት ፊውዝ እንደተቃጠለ፣ የትኛዋ ደንበኛ እንደጨቀጨቀቻቸው አንድ በአንድ ያወራሉ፤ እህታችን ደግሞ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ያዳምጣሉ። ልጃቸው «አባዬ ለካ ቀልደኛ ነህ» ያለችው በሃያ አራት ዓመቷ ነው።

እንዲህ እየሆነ ስምንት ዓመት ገደማ አለፈ። ባለፈው ዓመት ሕመሙ ሳንባቸው ላይ ተመልሶ ተገኘ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። እህታችን ሕመሙን አልፈሩም ብል እዋሻለሁ፤ ይበልጥ የፈሩት ግን ክፍሉን ነው። የዘንድሮዎቹ ተማሪዎች የመጨረሻው ምዕራፍ ይቀራቸው ነበር፤ ምትክ መምህር አልተገኘም። «እኔ ሳልኖር ዝም ይላሉ» ብለው ጻፉልኝ። ስለዚህ ሆስፒታል ሲተኙ ባለቤታቸው ታብሌታቸውን በኢንተርኔት ከክፍሉ ስክሪን ጋር አገናኙላቸው። አልጋቸው ላይ ሆነው የሚጽፉት በክፍሉ ስክሪን ላይ ይወጣል፤ ክፍሉ የሚጽፈውም እሳቸው ጋ ይታያል። ለሳምንታት በቀይ ቀለም አንዲት ነጥብ፣ አንዲት ቀስት እያኖሩ አስተማሩ።

በመጨረሻው ሐሙስ ታብሌቱን የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ። ልጆቹ ከመስመሩ ሥር ያለውን ስፋት እየፈለጉ ነበር። አንዱ ተማሪ አንድ ነገር ጻፈ፤ እህታችን ፊታቸውን ቋጠር አደረጉና ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ አነሡ። ጣታቸው ሳይደርስ ግን ከክፍሉ ሌላ እጅ ያን ሰርዞ ከጎኑ ጻፈበት። ሦስተኛ እጅ መጥቶ ለምን እንደሆነ አብራራ። ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። እኔ ድካም መስሎኝ፣ «እታለም፣ ደከመሽ? እኔ ልጻፍልሽ?» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና በመዳፌ ላይ በጣታቸው «ቀደሙኝ» ብለው ጻፉ።

ከዚያ በኋላ ምንም አልጻፉም፤ ፈገግ ብለው ያዩ ነበር። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ በራሳቸው ጣት መውጫውን ተጫኑ። በክፍሉ ስክሪን ጥግ መኖራቸውን የምታሳየው አረንጓዴ ነጥብ ጠፋች፤ ትምህርቱም ቀጠለ።

እህታችን ባለፈው እሁድ ማለዳ፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው እጃቸውን ይዘው፣ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። የትዳር ጓደኛቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ እኔን ታናሽ እህታቸውንና ሁለት ወንድሞቻችንን፣ እንዲሁም በየሙያው የተሰማሩ እጅግ ብዙ ተማሪዎችን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ መካከል ያኑርልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጃቸው ብርታቱን ይስጥልን፤ እኛንም የመጣችሁትንም ሁሉ ያጽናን።

የዘንድሮ ተማሪዎቻቸው ትናንት ቤታችን መጥተው «ከስክሪኑ ሲወጡ እኮ አላየናቸውም» እያሉ ሲያለቅሱ ነበር። ልጆቼ፣ በዚህስ አትዘኑ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ አለማየታችሁን እያዩ ነው የወጡት።