አሥራ አራት ካህናት ለአርባ ጎጆ

…ዝናብም ነበር መሰለኝ፤ ወይም የምንሰበሰብበት ምድር ቤት ቧንቧ ሲንጠባጠብ ዝናብ ያልኩት እኔ ነኝ። ብቻ የቴአትሩን ጽሑፍ ስትመልሱልኝ ስሰጣችሁ ከነበረው ከብዶኝ ነበር። ሰላምታ አስቀደምኩ? አላስቀደምኩም። ይቅርታ።

በሲልቨር ስፕሪንግ የአማርኛ ጉባኤያችን ለተከበራችሁ ሽማግሌዎች፦ ጤናችሁ እንደ ማዕረጋችሁ ይብዛ፤ ጉሮሯችሁም ለረጅም ጸሎት ይበርታ። ይህን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያነበው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የምለጥፈው ከፍቅር ብዛት ነው።

ለፋሲካ እንዲታይ የጻፍኩት ቴአትር ሶራማ ስለሚባል፣ ባስ ስጠብቅ ስለፈጠርኩት ነገድ ነው። አንድ ሸለቆ፣ አርባ ጎጆ፣ አንድ ካህን። አንዱን ካህን አሥራ አራት አድርጋችሁ ስለመለሳችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም፦

1. አርባ ጎጆ አርሶ፣ ከዘርና ከአይጥ የሚተርፈው እህል እንደ ስሌቴ ሁለት ካህናት ያበላል። ሦስተኛው ዓመቱን ሙሉ ከጾመ ሦስት። ሰብሳቢያችን ወንድም ክፍሉ፣ «ነገዱ ያንተ ፈጠራ አይደል እንዴ? እህሉንም ፍጠረዋ!» ብለው ሁላችንንም አስቀውናል። ሞከርኩ። ሌሊቱን ሳይሆን ምሳ ሰዓቴን ሁሉ ሞከርኩ። በልብ ወለድም ቢሆን እህል የሚያርሰው ሰው ይፈልጋል።

2. ለምን አሥራ አራት እንደሆኑ ዘግይቶ ገባኝ። በጉባኤያችን ያኮረፈ ወንድም ሁሉ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ሄዶ የራሱን ጉባኤ እንዳይከፍት እጅ ተጭኖበት ማዕረግ ይሰጠዋል፤ ከስድሳ አባላት አሥራ አራት አገልጋዮች ያፈራነው በዚህ ጥበብ ነው። ተዋናዮቼም እነዚሁ ስለሆኑ መድረክ ላይ እንኳ ገበሬ ለመሆን የወደደ አልተገኘም። ባለፈው ወር በር ላይ ሰላምታ በመስጠት አገልግሎት የተሾመው ወንድም ቢራቱ፣ ገበሬ ሁንልኝ ስለው፣ «ዝቅ አደረግኸኝ፣ ወንድሜ» ብሎ ይኸው ሁለት ሳምንት ሰላም አላለኝም።

3. የቀሩት ገበሬ እትዬ አበዛሽ ብቻ ናቸው። ቀኑን ሙሉ የሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ ውለው፣ በሁለት ባስ መጥተው፣ በመጥረጊያ እንጨት ለአሥራ አራት ካህናት ብቻቸውን ያርሳሉ። ሐሙስ ዕለት ሦስተኛውን ማሳ ሲጨርሱ፣ «ልጄ፣ ከነዚህ አንዱ እርፍ ቢጨብጥ እግዜር ይቆጣል?» አሉኝ። እንዲህ ከሆነ እንደማይመጡም ነገሩኝ። እሳቸው ከቀሩ ቴአትሩ ቀረ።

ልመናዬ አንድ ነው፦ አሥራ ሁለቱን ካህናት ወደ እርሻ መልሱልኝ። ማዕረጋቸው አይነካም፤ ከፈለጋችሁ «የእርፍ ሐዋርያት» በሏቸው።

ለጥበባችሁ ከወገቤ ጎንበስ የምል፣ ማዕረግ ስላልተሰጠኝ እስከ ዛሬ ሥራ ያልፈታሁ ወንድማችሁ፣

ወንድይራድ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማርች 1986

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ሳልለጥፍ፣ ልምምዱ መሀል፣ ወንድም ክፍሉ መፍትሔ መገኘቱን አበሰሩን። ፈጣንነታችሁ ያስደንቃል። እትዬ አበዛሽ ከዛሬ ጀምሮ አሥራ አምስተኛዋ ካህን ሆነዋል። አሥራ አራቱም አጨበጨቡ። እሳቸው መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፈው ኮታቸውን ለበሱ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፉ፣ ደረጃውን ወጡ። በሩ ተዘጋ።