ለሁለት ወንበሮች መነሳት የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ሄንድሪክ ቫኖቨርቤከ
በከተማችን ምክር ቤት የአደባባዮች፣ የጽዳትና የበዓላት ጉዳይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ለወገብዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት ከልብ እገልጻለሁ፤ በስብሰባ ብዛት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋል ሰውን እንዴት እንደሚያደቀው አውቃለሁና። እኔ ሊቨ ስታሳርት እባላለሁ። ጡረታ የወጣሁ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ የምኖረው ከድልድዩ ማዶ ነው፤ ግብሬን አዘግይቼ አላውቅም። የሉዶ ስታሳርት ታላቅ እህት ነኝ። ሉዶን በስም አያውቁት ይሆናል፤ መሥሪያ ቤትዎ ግን «በአሮጌው ዓሣ ገበያ የሚታዩ እንቅፋቶች» ብሎ ከጠቀሳቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ጉዳዬን በጋዜጣ ማውጣቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በቢሮዎ በኩል ደጋግሜ ጽፌ ነበር፤ መልሱም ሁልጊዜ እጅግ ጨዋ ነበር፦ ጉዳዩ «እየታየ ነው» የሚል። በየትኛው ዓይን እንደሚታይ ባላውቅም፣ የሚያይ በመኖሩ ብቻ ተጽናንቼ ከርሜአለሁ።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ወንበሮቹ ነው። እንደሚያስታውሱት፣ ባለፈው መኸር የሕክምናና የሥነ ልቡና ተማሪዎች ሐሙስ ሐሙስ በዓሣ ገበያው ጥግ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር፣ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር እየዘረጉ ውጭ የሚያድሩ ሰዎችን ስለ አእምሯቸው ጤና ይጠይቁ ነበር፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ፍርሃት፣ መኖር አስጠልቷቸው ያውቅ እንደሆነ። ማንም አልከፈላቸውም፤ ማንም አላዘዛቸውም። ልጆቹ ያልተረዱት ነገር ቢኖር፣ የገበያውን አግዳሚ ወንበሮች «ሰው ይተኛባቸዋል» ብለው ክቡርነትዎ ቀደም ሲል ስላስነቀሉ፣ ቢራ ሳይገዙ የሚቀመጡባቸው ወንበሮች እነዚያ ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን ነው። ሰዉ መጀመሪያ የመጣው ለመቀመጥ ነበር። ወንድሜም እንዲሁ። ጥጉ ላይ ድንች የምትጠብሰው ማሪያን በጆሮዋ እንደሰማችው፣ ሉዶ ቁጭ ብሎ እግሩን ዘረጋና «የዚህ ወንበር ኪራይ በጥያቄ ነው አሉ፤ ጠይቂኝ እንጂ ልጄ፣ ገና አልጠገብኩም» አላት ኢምከ የምትባለውን ተማሪ። እንቅልፍ እንቢ ይለው እንደሆን ስትጠይቀውም፣ «ለኔስ እንቅልፍ ሞልቶኛል፤ እንቅልፍ የሌለው የከተማው የጽዳት መኪና ነው፤ እባክሽ እሱን መርምሪልኝ» ብሎ አሳቃት። የኔ ወንድም ሰው ማሳቅ ይችልበት ነበር።

ሉዶ ትራም ነጂ ነበር። አንድ ጠዋት አንዲት ብስክሌተኛ በእርጥብ ሐዲድ ላይ ተንሸራታ ከፊቱ ወደቀች፤ ፍሬን ቢይዝም አልደረሰላትም። የሱ ጥፋት እንዳልሆነ ፖሊሱም፣ ዳኛውም፣ የልጅቷ አባት እንኳ ሳይቀር መሰከሩ፤ ያላመነው እሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሥራውን ተወ፣ ቀጥሎ ቤቱን፣ ቀጥሎ እኛን። ድሮ የሚያውቀውን ሰው ዓይን መቋቋም አይችልም፤ እኔን ከሩቅ ካየ መንገድ ይሻገራል። ሾርባውንና ካልሲውን ማሪያን ዘንድ አስቀምጥለታለሁ፤ ካነሳው በሕይወት አለ ማለት ነው፤ አንጀቴ እያረረም ቢሆን በዚሁ ኖሬአለሁ። እንግዲህ ይህ ሰው ለእህቱ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያልተነፈሰውን ለአንዲት ኮረዳ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተነፈሰላት። ምን እንዳላት ኢምከን ብጠይቃት ፊቷ ቀልቶ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ወይዘሮ ሊቨ፣ ነገሩ የሱ ነው፤ ሲችል እሱ ራሱ ይንገርዎት» አለችኝ። ተናደድኩባት፤ ወዲያውም ኮራሁባት።

በኅዳር ግን ሉዶ ፈቅዶላት አንድ ነገር ብቻ በስልክ ነገረችኝ። ሐኪም ዘንድ ለመሄድ እሺ ብሏል። ለሱ ሲባል አርብ ጠዋትም በሚዘረጉት ወንበሮች ዘንድ ተገናኝተው አብራው ልትሄድ ተቀጣጥረዋል። የላከልኝም መልእክት ይህ ነበር፦ «እህቴን ንገሪያት። ግን እንዳትመጣ። ካየኋት እመለሳለሁ።» እኔም እሺ አልኩ። ያን ቀን ማድረግ የምችለው ሌላ ነገር ስላልነበረ ንጹሕ መስኮት እንደገና ሳጥብ ዋልኩ፤ እያለቀስኩ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ቅልጥፍናዎ ነው። በዋዜማው፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የመሥሪያ ቤትዎ መኪና መጥታ ጠረጴዛውንም ወንበሮቹንም ጭና ሄደች። በደንቡ መሠረት በአደባባይ ወንበር የሚዘረጋ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱም የሚሰጠው መብል ወይም መጠጥ ለሚሸጥ ብቻ ነው። ኢምከ «እሺ ሻይ ብንሸጥስ?» ብላ ለመነች። ሠራተኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ «የኔ እመቤት፣ እኔ ወንበር ጫን ተብዬ ነው የመጣሁት፤ ስለ ሻይ የነገረኝ የለም» አላት። ከደጄ ፊት ያለው ጉድጓድ ካለፈው ምክር ቤት ዘመን ጀምሮ ጠጋኝ እየጠበቀ ባለበት ከተማ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር በቅጽበተ ዓይን ሲሰወር ማየት፣ ክቡር ሆይ፣ በመንግሥት ላይ ያለኝን እምነት አድሶልኛል።

ሦስተኛው በዓሣ ገበያው ላይ ስለተተከለው የገና ገበያ ነው። አርብ ሲነጋ ቦታው ሁሉ በእንጨት ዳስ ተይዞ ታጥሮ ነበር። ኢምከ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ቆማለች። ወንድሜ ከወንዙ በኩል መጣ። ማሪያን እንዳለችው ፊቱን ታጥቦ፣ ጺሙን ከርክሞ፣ ጠጉሩን በውኃ አበጥሮ ነበር የመጣው። ወንበሮቹ የነበሩበትን ቦታ አየ፤ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ከዚያ ቢጫ ሰደርያ የለበሰውን ጥበቃ ጠየቀው። «እዚህ የሚቀመጡት ልጆች የት ሄዱ?» ጥበቃውም «እዚህ የሚቀመጥ የለም፤ በል እለፍ፣ ሥራ አታስፈታን» አለው። ሉዶ «እሺ፣ እሺ፣ ይቅርታ» ብሎ ሄደ። ማሪያን ዘይቱን ከእሳት አውርዳ ተጣራች፤ መዶሻው ድምፅዋን ዋጠው። ኢምከ ከዳሶቹ ወዲያ ማዶ እስኪመሽ ጠበቀች። ወይ ነዶ! በመካከላቸው የነበረው ጣውላ ብቻ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ ወንድሜን አየሁት የሚል ሰው የለም፤ ማሪያን ዘንድ ያስቀመጥኩት ካልሲም አልተነሳም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። ይህን ብቻ ላክል። ሉዶ ከጠፋ በኋላ መሥሪያ ቤትዎ ያማረ ጃኬት የለበሰ «የጎዳና አጽናኝ ቡድን» አቋቁሞ የስልክ ቁጥር የታተመበት ባለቀለም ወረቀት አድሏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ እኔ ግን ወረቀቱን አመስግኜ ተቀብዬ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ በትሕትና አዳምጣኝ ስታበቃ፣ «የጠፋው ሰውዬ ራሱ ቢደውል ይሻላል» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሞኝ አይደለሁም። የገና ገበያ ለልጆች ደስ ይላል፤ እኔም እዚያ የሚጋገረውን ዋፍል እበላለሁ። ወንድሜን በእጅዎ ገፈተሩት አላልኩም። ያልኩት፣ ስንት ዓመት ከማንም ምንም ያልለመነ ሰው ጠጉሩን አበጥሮ ሲመጣ ከተማው «እዚህ የሚቀመጥ የለም» አለው ነው። ይሄ ያንገበግበኛል። ማታ ማታ በር በተንኳኳ ቁጥር ሮጬ እከፍታለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ የጸዳ አደባባይና ለስላሳ መቀመጫ እየተመኘሁልዎ፣ ለከፍተኛ ሥልጣንዎ የሚገባውን ጥልቅ አክብሮት ከቆምኩበት ሆኜ አቀርባለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ ግብር ከፋይ
ሊቨ ስታሳርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ በታች ያለው ለክቡርነትዎ የተጻፈ አይደለም፤ ስለዚህ ለአንድ አፍታ ከመንገዱ ዞር እንዲሉልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ወንድሜ በባቡር ጣቢያው በነጻ የሚታደለውን ይህን ጋዜጣ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ያነባል። ደብዳቤዬ በዚህ በመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲወጣልኝ አዘጋጁን የለመንኩት ለዚህ ነው።

ሉዶ፣ ኢምከ ቀርታብህ አይደለም። ያን ዕለት መጥታ ነበር፤ ከጣውላው ማዶ ሆና ስትጠብቅህ ዋለች። ተማሪዎቹ አሁን ሐሙስ ሐሙስ በቅድስት አና አዳራሽ ውስጥ ናቸው፤ በጎን በር ነው የሚገባው፤ የሚያባርርህ የለም። ሐኪሙም ዛሬም ይቀበልሃል። እኔ አልመጣም። ሐሙስ በዚያ መንገድ አላልፍም፤ ገበያዬን ወደ ረቡዕ አዙሬዋለሁ። ዳግመኛ ባታየኝም ግድ የለም፣ ወንድምዬ። አንተ ብቻ ሂድልኝ።