ድስቱ ይጾማል

ቦሩ ሜዳ
መጋቢት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለሥርጉት ይስማው፣ ኮምቦልቻ

እታለም፣ እንዴት ሰንብተሻል? እዚህ ላይ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን» ተብሎ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ነገር ግን እማሆይን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ትንሹ ወንድማችን ያዕቆብ «ጋሼ» እያለ ይጠራው የነበረው አውራ ዶሮ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፤ የእኔን የሒሳብ ውጤት ደግሞ ባትጠይቂኝ ይሻላል። ስለዚህ የጎደለብን ናፍቆትሽ ብቻ አይደለም።

ለምን በስልክ አልነገረኝም እንዳትይ። ከነሐሴ ወዲህ ስትደውዪ «ደህና ናችሁ?» ብለሽ ትዘጊያለሽ። ብትቆዪም አባዬ ስልኩን ላውድ ላይ ካላደረገ የሚሰማው አይመስለውም። አጠገቡ ደግሞ እናቱ እማሆይ ቆባቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ። የምነግርሽ ስለ እሳቸው ነው፤ ስለ እማሆይ እማሆይ ፊት እንዴት ይወራል? ለዚህ ነው ወረቀቱን ለኪዳኑ፣ ለሚኒባሱ ረዳት የምሰጠው። ደሴ ላይ ለኮምቦልቻ ሹፌር አስተላልፋለሁ ብሎኛል። ካልደረሰሽ ንገሪኝ።

ዋናው ጉዳይ ትንሿ እህታችን ሳምሪ ናት። አትደንግጪ፣ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጫማዬን እየላሰች ነው። በጥር መጨረሻ ግን ጽናት የምትባል አዲስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤታችን መጥታ ያንን የሕፃን ክሳት የሚለኩበትን ባለ ቀለም ጥብጣብ ክንዷ ላይ ጠመጠመችው። ቢጫው ላይ ቆመ። አረንጓዴ ደህና ነው፣ ቢጫ ያሰጋል፣ ቀዩን እኔም አንቺም እናውቀዋለን። እማሆይ ጥብጣቡን አገላብጠው አዩና፣

«ይሄማ ባንዲራ ነው። መካከሉ ላይ ነች፤ ምን ጎደላት?» አሉ።

ጽናት ሕፃኗ ምን እንደምትበላ ጠየቀች። እማዬ አጥሚቱን አመጣች። ጽናት ማንኪያውን ስትዘቀዝቀው እንደ ዝናብ ወረደ።

«ይሄ ሆዷን ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆናትም። ማንኪያ ላይ የሚቆም ገንፎ ስጧት። እንቁላልና ወተትም ያስፈልጋታል።»

«ወፍራም ገንፎ ያንቃታል» አሉ እማሆይ። «እንቁላል ደግሞ የሕፃን አፍ ያስራል። ዲዳ ሆና ብትቀር አንቺ ታወሪላታለሽ?»

«እኔ እኮ እንቁላል እየበላሁ ነው ያደግሁት፣ እማሆይ።»

«አንቺማ ከመጠን በላይ የተፈታልሽ ነሽ።»

ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴ ገባ። እማሆይ በቅበላ ማግስት የቤቱን ዕቃ ሁሉ ደጅ አውጥተው በአመድ ፈተጉት። ድስቱም ጭልፋውም ቢላዋውም እስከ ፋሲካ ጾመኛ ሆኑ። አንዲት ዕቃ ብቻ አልነኩም፤ አንቺ ከኮምቦልቻ ለያዕቆብ ያመጣሽለትን ትንሿን ድስት። «እንዲህ ያለ ዕቃ ለሕፃን አይሰጥም፣ ለእንግዳ ይሁን» ብለው የሰቀሏት ሚስማር ላይ እንዳለች ነች። በያዕቆብ ቀብር ቀን ቀና ብለሽ አይተሻት፣ «ወረቀቷ እንኳ አልተላጠም» ብለሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ከወጣሽ ወዲህ የነካት የለም። እማዬ እንኳ ግድግዳውን ስትጠርግ በዙሪያዋ ነው የምታልፈው።

የንስሐ አባታችን ቤቱን ጸበል ሊረጩ ሲመጡ እማሆይ ፊት ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ ሳምሪ በጾም እንቁላል ብትበላ ኃጢአት ነው?»

«ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ምን ጾም አለበት?»

እማሆይ አልተቆጡም። ለሰነፍ ተማሪ እንደሚያስረዳ መምህር ረጋ ብለው፣ «ሕፃኗማ አትጾምም፣ አባ። ድስቱ ግን ይጾማል» አሉ። አባ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ይሳቁ ይሁን ያዛጉ አላውቅም።

ስለዚህ ድስት የማይፈልግ አበሳሰል ፈለግሁ። ዶሮዋ እንደሆነ ጾም አታውቅም፣ ትጥላለች። እማሆይ እንቁላሉን ለፋሲካ ገበያ ብለው ገብሱ ጎታ ውስጥ ይቀብሩታል። አንዱን አውጥቼ ረመጥ ውስጥ ቀበርሁት። ስለ እንፋሎት ግፊት በፊዚክስ ተምረናል፤ እንቁላሉ ግን ከመምህሩ የተሻለ አስረዳኝ። እማሆይ ምድጃውን ሊቆሰቁሱ ጎንበስ ሲሉ ፈነዳ። አመዱ ሲበተን አስኳሉ ቆባቸው አናት ላይ እንደ ጉልላት ተቀምጧል።

«ምንድን ነው?» አሉ ሳይነቃነቁ።

«እንቁላል ነው፣ እማሆይ።»

«ቆቤ ላይ?»

«አዎ።»

«በሁዳዴ?»

እማዬ አፏን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። ከጓሮ የመጣው ድምፅ ለቅሶ መስሎኝ ተከተልኋት፤ ከነሐሴ ወዲህ የለመድነው እሱን ነውና። ግድግዳውን ተደግፋ እየሳቀች ነበር፣ እታለም።

ቆቡ በጸበል ተዘፍዝፎ ከረመ፤ እማሆይም ሻሽ አስረው ከረሙ። ጎረቤታችን እትዬ ጣይባ ግርግሩን ሰምታ መጣችና ነገሩን ስትረዳ፣ «ታዲያ እኔ ዘንድ አታመጣትም ነበር?» አለችኝ።

«እናንተም ረመዳን ላይ ናችሁ ብዬ ነው።»

«እኛ ቤት የሚጾመው ሰው ነው፤ ድስት ጾሞ አያውቅም። ልጆቼ ቀን ይበሉ የለም እንዴ? አብሽር፣ አምጣት።»

እማሆይ ከጓዳ «በእስላም ዕቃ...» ብለው ጀመሩ።

«እማሆይ፣ እንቁላል ቢላዋ አይነካው። የእናንተ ይሁን የእኛ ዶሮዋን ይጠይቋት» አለች እትዬ ጣይባ።

እማሆይ ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ካሉ ፈቅደዋል ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳምሪን አዝዬ እሄዳለሁ። እትዬ ጣይባ ከንፈሯ በጾም ደርቆ እንቁላሉን በወተት ትመታና፣ «ያ ረቢ፣ ይሄ ሽታ ሊያስገድፈኝ ነው» እያለች ታበላታለች። ሳምሪ ግማሹን ትውጣለች፣ ግማሹን ጆሮዬ ውስጥ ታስቀምጣለች።

ነገር ግን ባለፈው ሳምንት እትዬ ጣይባ እናቷ ታመውባት ቤቷን ቆልፋ፣ ልጆቿን ይዛ ቢስቲማ ሄደች። በዚያው ሰሞን ሳምሪን ተቅማጥ ያዛት። ጽናት መጥታ ስትለካት ጥብጣቡ ቀዩን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት ቆመ። መድኃኒቱን አስጨበጠችንና፣ «ከዚህ ከቀነሰች ሆስፒታል ነው። አሁን መብላት አለባት» ብላ ሄደች። አባዬ ደጅ ወጥቶ የተፈለጠውን እንጨት እንደገና ፈለጠ። እኔ ከያዕቆብ ጋር እንተኛበት የነበረው መደብ ላይ ተቀመጥሁ። መደቡ ሰፍቶኛል። ይህን ተይው።

እማሆይ ተነሡ። «በርጩማውን አምጣልኝ» አሉኝ።

ድስቷን እያዩ ነበር።

«እኔ ላውርድልዎ።»

«ተው። የሰቀልኋት እኔ ነኝ።»

ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ወጡ፤ እኔ በርጩማውን ያዝሁ። አውርደው አቧራዋን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ይቺ አመድ አልነካትም። ጾም አልያዘችም» አሉ። ከዚያ ተቀምጠው ወረቀቷን በጥፍራቸው ይልጡ ጀመር። እዚያ ኮምቦልቻ በምን ሙጫ እንደሚያጣብቁት እንጃ፣ ወረቀቱ እንቢ አለ። እማዬ ልታግዛቸው ስትል እጇን ገፉት። ብዙ ቆዩበት። ሲበቃቸው እንቁላሉን ራሳቸው ከጎታው አወጡ፣ ደጅ ላይ ድንጋይ ጎልተውም እሳት አነደዱ፤ የቤቱ ምድጃ አሁንም ይጾማልና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያበስሉት እሳቸው ናቸው። ገንፎውንም ማንኪያ ላይ ቆሞ እስኪታይ ያገነፉታል። የሕፃኗ ነገር ሲሆን እኔንም አያምኑኝም፤ «አንተ ታፈነዳዋለህ» ይላሉ።

ትናንት ጽናት ለካቻት። አረንጓዴ አይደለችም፣ አልዋሽሽም። ወደ ቢጫው መካከል ግን ተመልሳለች። ተቅማጡም ቆሟል። እማሆይ ስለ ባንዲራ አላነሡም፤ ጥብጣቡ ላይ ጎንበስ ብለው፣ «አረንጓዴው ምን ያህል ይቀራታል?» ብለው ጠየቁ። እንቁላል አፍ ያስራል የተባለላት ሳምሪም ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ «ጣይ» አለች። እማሆይ ፀሐይዋን ነው ይላሉ። እኛ ማንን እንደጠራች እናውቃለን።

ለፋሲካ ፈቃድ ይሰጧችኋል? አባዬ በግ አይቷል። እማዬ አንሶላሽን አጥባ ሳጥንሽ ላይ አስቀምጣዋለች፣ ትመጣለች ግን አላለችም።

ለአንቺ እንደምጽፍ እማሆይ ደረሱብኝ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ ተቀመጡ። «ምን ልበልልዎ?» አልኋቸው። «የድስቷ ቂጥ ጠቁሯል በላት» አሉ። ሌላ ይጨምሩ እንደሆነ እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅሁ። አልጨመሩም።

የቦሩዋ ሥላሴ ከመንገድ ክፉ ትጠብቅሽ። የስፌት መኪናው ጣትሽን አይንካው፤ አለቃሽም ዓመት በዓል የሚያውቅ ሰው ይሁን።

ወንድምሽ
ስለሺ ይስማው

ማስታወሻ፦ የድስቷ ወረቀት አንድ ጥግ አሁንም አልላጥ ብሏል። እማሆይ «የእሷ ጥፍር ጠንካራ ነው፣ ስትመጣ ትላጠው» ብለው ትተውታል።