አባባ የመረጠው መቁረጫ

ለምወድህና እንደ አባት ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ለገሰ ኤርሳዶ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ባለቤትህ ትዕዛዝስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ማቲስ አደገ? ሳሉ ለቀቀው ወይስ አሁንም ሲበርድ ይነሳበታል? ሱቁስ እንዴት ነው? ሰፈሩስ ተረጋጋላችሁ? ስለ ደቡብ አፍሪካ ሁከት በሬዲዮ በተወራ ቁጥር እማዬ ሥራዋን ትታ ትቆማለች፤ የከተማውን ስም ሰምታ ደርባን አለመሆኑን እስክታውቅ ድረስ አትቀመጥም። እኛ በአካል ደህና ነን። በልብም ደህና ነን ብዬ ብጽፍልህ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ቆመን ለመሄዳችን እግዚአብሔር ይመስገን።

ጋሼ፣ በስልክ የተነጋገርን ዕለት «አባቴን በማሽን ለወጣችሁት» ብለህ ዘጋህብኝ። ከዚያ ወዲህ ልደውልልህ ስልኩን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አልተቀየምኩህም። አስከሬን ያላየ፣ አፈር ያላለበሰ ሰው ኀዘኑ በየት በኩል ይውጣለት? የመኖሪያ ወረቀትህ ባለመስተካከሉ ልትቀብረው አልቻልክም፤ እኔ ደግሞ በስልክ ላስረዳህ ስጀምር ልቅሶ አፌን ይይዘዋል። የጎረቤታችን ልጅ ህብረት ከእረፍቱ ወደ ደርባን ስለሚመለስ ሁሉንም እንደሆነው ጽፌ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። እባክህ ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ሌቦች የወርክሾፑን ጣሪያ ገልብጠው ዕቃዎቻችንን እንደወሰዱብን ታውቃለህ። የቀረልን የእጅ መጋዙ፣ መሮውና አባባ ቤት ይዞት የሚገባው መዶሻ ብቻ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበሮች ልንሠራ ቃል ገብተን እንጨቱ ሁሉ ተከምሮ ነበር። ያኔ ነው አንተ «አይዟችሁ፣ መቁረጫ ማሽን ግዙና ጀምሩ» ብለህ ገንዘብ የላክህልን። አባባ ያን ዕለት ስምህን እየጠራ ሲመርቅህ ዋለ።

እኔና እሱ ወደ እሸቴ የዕቃ መሸጫ ሄድን። እሸቴ ሁለት መቁረጫ አወጣልን። አንዱ ቀይ ነው፤ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። እሱን ብንገዛ በሚተርፈን የኤሌክትሪክ መላጊያና መብሻ ይጨመርልናል። ሁለተኛው ሰማያዊ ነው፤ ለሁለት የማይነሳ፣ የላክኸውን ሁሉ ጠራርጎ የሚወስድ። እኔ ቀዩን ፈለግሁ። «አባባ፣ ሦስት ዕቃ ይዘን እንገባለን እኮ። ለጊዜው በዚህ እንሥራ፣ ሲሞላልን ደህናውን እንገዛለን» አልኩት። ሚልክያስ ከእኛ ጋር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ መላጊያ ከሌለ ሥራ ፈትቶ ወደ አገሩ ቤሌ ሊመለስ ነበር። እሱንም አስቤ ነው።

አባባ ጎንበስ አለና የቀዩን ማሽን ዲስክ የሚሸፍነውን ክዳን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ እንደ ጣሳ ጎበጠ። ዲስኩን ይዞ ግራና ቀኝ ነቀነቀው፤ ተወዛወዘ። ከዚያ ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አሳየኝ፤ ያን ሁለት ጣት የጎደለውን እጅ። «አንተ ይህን እጅ ከተወለድክ ጀምሮ ስላየኸው እንዲሁ የተፈጠረ ይመስልሃል» አለኝ። «ጣቶቼን የወሰደውን ዲስክ የገዛሁ ቀን ርካሽ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤት እየዘመርኩ ነበር የገባሁት። ተሰንጥቆ ሲበር ግን ዋጋውን አልጠየቀኝም።»

እኔ አሁንም ተከራከርኩት። እሸቴም ገባበት። «እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ሁለቱንም እሸጣለሁ። ለልጄ ግዛ ብትሉኝ ግን ሰማያዊውን ነው የምወስደው» አለ። አባባ ወደ እኔ ዞሮ «ታ ናአው» አለኝ። በወላይትኛ ልጄ ብሎ ሲጠራህ ነገሩ እንዳበቃ አንተም ታውቀዋለህ። ሰማያዊውን ገዛን።

በዕቃ መጫኛ ባጃጅ አስጭነን ስንመለስ አባባ ሆዱን በክንዱ ደግፎ ነበር የሚሄደው። ምን ሆንክ ስለው «ቁርስ ሳልበላ ወጥቼ ነው» አለኝ። ከዚያ በፊትም ምልክት ነበር፤ ግን ምልክት መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። ቅቅል ቦዬ ያለ ዳጣ በርበሬ ቀረበልኝ ብሎ ይቆጣ የነበረው ሰው፣ ዳጣውን ወደ እማዬ ገፋ እያደረገ «ዛሬ አቃጠለኝ» ማለት ጀምሮ ነበር። ደግሞ በአያታችን አገር በተበላ ያለውን በቆሎ ልየው እያለ ጠዋት ይወጣና ሲመሽ ይገባል። ያን ሁሉ ቀን ተበላ አልሄደም ነበር ጋሼ። እዚሁ ሶዶ፣ ሆስፒታል ነበር የሚውለው።

ማሽኑን ተከልነው። የመጀመሪያውን የዋንዛ ጣውላ እኔ እንድቆርጥ አልፈቀደልኝም፤ ራሱ ገፋው። ሲወጣ ጠርዙን በመዳፉ ዳበሰና ለሚልክያስ አቀበለው፤ ሚልክያስ «ይሄማ መላጊያ አያስፈልገውም» ብሎ ሳቀ። አባባም ሳቀ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየመጣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ይውል ነበር። እጄን የት እንደማሳርፍ፣ እንጨቱን በምን እንደምገፋ፣ ከዲስኩ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን እንድቆም ሰለቸኝ እስክል ነገረኝ። የሚቸኩልበትን ምክንያት አላወቅሁም።

አንድ ቀን ከበርጩማው ሊነሳ ሲል ወደ ጎን ወደቀ። ሚልክያስና እኔ ተሸክመን፣ እማዬም ተከትላን ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሙ ገና ከበሩ ሲያየው ስሙን ጠራው። «አባ ኤርሳዶ! አዲስ አበባ ይሂዱና በቀዶ ሕክምና ይውጣ ካልንዎት ስንት ጊዜ ሆነ? እሄዳለሁ ብለው ነበር እኮ» አለው። እማዬ ሐኪሙ ሰው የተሳሳተ መስሏት «የኔ ጌታ፣ እኛ እኮ ዛሬ ነው የመጣነው» አለችው። አጠገባችን የቆመችው ነርስ የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ሜላት ናት። ፊቷን አዙራ ማልቀስ ስትጀምር ነው የገባን። በሽታው ሆዱ ውስጥ ያደገ ዕጢ ነው። አባባ ለማንም እንዳትናገር አስምሏት ኖሯል።

ማሽኑን ዛሬውኑ እሸጠዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። እሸቴም መልሶ ሊወስድልኝ ተስማምቶ ነበር። አባባ ግን «ማሽኑ ከወርክሾፑ ከወጣ እኔም ከዚህ አልጋ ወርጄ እሄዳለሁ» አለ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩበት፤ የተቆጣሁትም። ለምን ደበቅከን አልኩት። የመለሰልኝን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ ለአንተም መልስ ስለሆነ። «ሐኪሙ ትድናለህ አላለኝም፣ እንሞክር ነው ያለኝ። እኔ በእንጨት ላይ ሞክሬ አላውቅም፤ ለክቼ ነው የምቆርጠው። የለገሰ ላብ በእኔ ሆድ ላይ ፈስሶ ከሚቀር በአንተ እጅ ላይ ይዋል።» እማዬ «ለእኔስ ቢሆን ምነው ሳትነግረኝ?» ስትለው «ብነግርሽ አታስገዢኝም ነበራ» አላት። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

እሺ አሁንስ አዲስ አበባ እንውሰደው ብለን ሐኪሙን ለመንነው። «አሁን መንገዱ ያሠቃያቸዋል እንጂ አይጠቅማቸውም» አለን። ቀድሞ ቢሄድስ ብዬ ጠየቅሁት ጋሼ። አንተ የምትጠይቀውን ጥያቄ እኔም ጠይቄዋለሁ። ሐኪሙ «ምናልባት» አለኝ። ከዚህ ሌላ አልጨመረልኝም። ይህችን ቃል ልደብቅህ ነበር፤ ግን አባባ የደበቀው ይበቃናል።

ላንተ እንዳንነግር የከለከለን ራሱ ነው። «ለገሰ ከሰማ ሳይዘገይ ይነሳል፤ ወረቀት የሌለው ሰው ድንበር ላይ ይያዛል። ሁለት ሰው አታሳጡኝ» አለን። ሊሰናበትህ ፈልጎ ያስደወለኝ ዕለት ስለ ሱቅህና ስለ ማቲ ብቻ ሲጠይቅህ ሰምቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። አንተ «ድምፅህ ደከመብኝ» ስትለው «ኔትወርኩ ነው» ብሎህ ነበር። እንደምታስታውሰው እርግጠኛ ነኝ።

አዲሱ ዓመታችን ጊፋታ ሊገባ ሰው ሁሉ ለበዓሉ ሲሯሯጥ አባባ አረፈ። ሳጥኑን እኔና ሚልክያስ እንሥራው ተባባልን። እኔ ግን ያን ማሽን መንካት አልቻልኩም፤ የእጅ መጋዙን አንስቼ ጣውላውን መቁረጥ ጀመርኩ። መስመሩ ተጣመመብኝ፤ ሌላ ጣውላ አነሳሁ፣ እሱም ተጣመመ። እማዬ ከለቀስተኛው መሀል ተነስታ መጣች። የተበላሸውን እንጨት አየችና «ለሱ ያልሠራ ለማን ሊሠራ ነው? አስነሳው» አለችኝ። አስነሳሁት። እንደ ቅቤ ቆረጠው። ክፉ ማሽን ቢሆን እረግመው ነበር፤ ደህና በመሆኑ ነው የጠላሁት። ጠርዙ ሁሉ ያለ አንዳች ክፍተት ገጠመ፤ አባባ ቢያየው አንድም የሚያወጣለት እንከን አልነበረም። ተበላ ወስደን ከአያታችን ጎን ቀበርነው። ዝናብ ነበር። ዘማሪዎቹ እስከ መጨረሻው ድረስ ጃንጥላ ሳይዙ ዘመሩ። አንተ ልትቆምበት የሚገባው ቦታ ላይ ማንም አልቆመም፤ እኔ ነኝ ባዶ ያስቀረሁት።

ወደ ሥራ የተመለስኩት ወንበሮቹን ለመጨረስ ብዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ከፈረሰ ቤት የተገዛ አሮጌ ጣውላ ስገፋ ውስጡ የተቀበረ ሚስማር ዲስኩን አገኘው። እንደ ጥይት ጮኸ። የዲስኩ ጥርስ ተሰብሮ ክዳኑን መታው፤ ክዳኑ ጎደጎደ እንጂ አልተበሳም። ማሽኑ ቆመ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ እጆቼን ፊቴ ላይ ይዤ አያቸው ነበር። ሚልክያስ «አባ ኤርሳዶ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ደስ አላለኝም ጋሼ። እጄ ሙሉ ነው፤ ማመስገን ግን አቃተኝ። የማመሰግነው ሰው በእኔ ጣቶች ፋንታ አፈር ውስጥ ያለ መስሎ ተሰማኝ፤ እስካሁንም ይሰማኛል።

ስለዚህ አባባ ልክ ነበር ብዬ ልከራከርህ አልጻፍኩም። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔ ብመርጥ ኖሮ ቀዩን ገዝቼ የተረፈውን ለሕክምና አደርገው ነበር፤ ግን አላወቅሁም፣ አልተጠየቅሁም። ምርጫው የእሱ ነበር፤ ለእኛ የቀረው መሸከሙ ነው። አንተ ለብቻህ እዚያ፣ እኔ ለብቻዬ እዚህ ከምንሸከመው አብረን ብንይዘው ይሻለናል። ብትፈልግ ስደበኝ፣ ግን ስልክ አትዝጋብኝ።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ያን ዕለት ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር፤ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ያልከውን ሰምታዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በወርክሾፑ በር አታልፍም፣ ዞራ ነው የምትሄደው። ምግብም ታቀርብልናለች እንጂ ከእኛ ጋር አትቀመጥም፤ ባለቤቴ ሶፊ ስትለምናት «ቀምሻለሁ» ትላለች።

ሶፊ ከልብ ሰላም ትልሃለች፤ ለትዕዛዝ ያዘጋጀችውን ቅመም ህብረት ይሰጣታል። ልጄ ቤኒ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ይላል። ሚልክያስ ወደ ቤሌ አልሄደም፣ እጅ ነስቷል። ሜላት እግዚአብሔር ያጽናህ ብላለች፤ እሷንም አትቀየማት። ለትዕዛዝ ሰላምታዬ ይድረስ፣ ማቲን በሁለቱም ጉንጩ ሳምልኝ። እማዬ ደግሞ ይህን ስጽፍ አይታ «ደህና ናት በለው» ብቻ ብላኛለች። ስትደውልላት ስለ ማሽኑ አታንሳ፣ ይቅርታም ለመጠየቅ አትቸኩል። በላሽ ወይ ብለህ ጠይቃት።

ታናሽ ወንድምህ
ትግሉ ኤርሳዶ

ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.