አንደኛ የወጣው ፎቶ

ሮቤ፣ መስከረም ፳ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአሊዪ፣

አሰላሙ አለይኩም። የደሴ ኑሮ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ደስ ይበልህ፣ አንደኛ ወጣን! ለአብዮቱ በዓል ቀበሌው በየቤቱ የተሰቀለውን የመሪያችንን ፎቶ ሲያይ፣ የሰው ሁሉ በጭስና በዝንብ ጠቁሮ የእኛ ብቻ እንደ አዲስ ያበራል። አባባ ሰርተፊኬቱን ሲቀበሉ አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ ብታይ!

የቀበሌው ሊቀመንበር፣ «ጓድ መሀመድአወል፣ በምን ዘዴ እንዲህ ጠበቁት?» አሏቸው። አባባ ውሸት የት ያውቃሉ! «በቀን አምስት ጊዜ ስንሰግድ በፎጣ እሸፍነዋለሁ፤ ፎቶ እያየን አይሰገድማ» አሉ። ጭብጨባው ቆመ።

አሁን የፎጣውን ነገር በደንብ እንዲያስረዱ ተጠርተው ጎባ ናቸው። የሚወዱትን የገብስ ጩኮ በቅቤ አሽቼ በየቀኑ አደርሳለሁ። እስከ ሐሙስ ሳህኑ ባዶውን ይመለስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዘበኞቹ እንደሞላ ይመልሱልኛል። ቅቤው በዝቶባቸው ይሆናል።

ሰርተፊኬቱን ከፎቶው ሥር ሰቅለነዋል፤ በጣም ያምራል። እኛ የምንሰግደው ማድቤት ሆኗል።

አንተም እዚያ ከሸለሙህ አመስግነህ ተቀመጥ፤ ዘዴህን ግን ለማንም አትንገር።

አላህ ሁላችንንም በአንድ ማዕድ ያገናኘን።

አንደኛ የወጣችው እህትህ፣
ጁሀራ