ያልጸደቀው ቃለ ጉባኤ

መጋቢት 4
ቢሮውን ስናራግፍ ዋልን። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ ፋይሉ... ሁሉም ወረዳችን ወደተቀላቀለችበት ትልቅ ወረዳ ሄደ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ አይሱዙ! የምክር ቤቱን መዝገብ ብቻ አስቀረሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጸሐፊው እኔ ነበርኩ፤ በምን አንጀቴ ልስጥ?

መጋቢት 9
ጉድ ፈላ። ጤና ጣቢያችን ሊዘጋ ነው። በመጨረሻው ስብሰባ «አይዘጋም» ተብሎ ተወስኖ ነበር እኮ! መዝገቡን ይዤ ወደ አዲሱ ወረዳ ሮጥኩ። አዲሶቹ ኃላፊዎች አዩና፣ «ፊርማ የለውም።» እውነታቸውን ነው። እኛ ዘንድ ቃለ ጉባኤ የሚፈረመው በሚቀጥለው ስብሰባ ተነቦ ሲጸድቅ ነው። ያን ቀን ሁሉም ሲያለቅስ፣ በልማድ መዝገቡን ዘግቼ ወጣሁ። የሚቀጥለው እንደሌለ ረሳሁት...
«ሊቀመንበሩን ጨምሮ አምስት አባላት ይፈርሙና እንቀበላለን» አሉኝ።
እህቴ ሰባተኛ ወሯ ነው። ሌላው ጤና ጣቢያ በእግር አራት ሰዓት። ምን ነካኝ?

መጋቢት 12
ከምክር ቤቱ አባላት አናጢው፣ መምህሩ፣ ሁለቱ ገበሬዎች እሺ አሉ። የቀሩት አገር ለቀዋል። ሊቀመንበሩ፣ «አባ ሥርዓት» የምንላቸው፣ እምቢ።
«ፊርማ በየደጁ አይለቀምም። በስብሰባ ነው።»
«ታዲያ ስብሰባ ይጥሩ።»
«የሞተ ወረዳ ስብሰባ ይጠራል እንዴ፣ ልጄ?»
ተናድጄ ወጣሁ። አሳዘኑኝም።

መጋቢት 13
መዝገቡን ከመጀመሪያው ሳገላብጥ ዋልኩ። የመጀመሪያው ስብሰባ ወፍጮ ቤት ውስጥ። «ወፍጮው ስላላሰማን ለነገ ተላልፏል» ይላል! ድልድይ በስድስተኛው ዓመት፤ ጎርፍ የወሰደው በሰባተኛው። ከዚያ ለጤና ጣቢያው ድንጋይ የተሸከሙ ሰዎች ስም... የአባ ሥርዓት ሟች ባለቤት ሦስተኛዋ።

መጋቢት 14
ገጹን ለአባ ሥርዓት አነበብኩላቸው። የባለቤታቸው ስም ላይ ስደርስ መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ፣ «ሐሙስ ሦስት ሰዓት። ማርፈድ የለም።»

መጋቢት 18
ቢሮው ተቆልፏል። በረንዳው ላይ ቆመን ተሰበሰብን። «ሥነ ሥርዓት!» አሉ አባ ሥርዓት፤ ማንም ሳይናገር። ሳቅን። የመጨረሻውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አነበብኩ። ጸደቀ። አምስቱም ፈረሙ።

መጋቢት 23
ተቀበሉ። ጤና ጣቢያው አይዘጋም፤ ነርሷም አትነሳም። ተመስገን!

ግንቦት 21
እህቴ በሰላም ተገላገለች። እዚሁ፣ በነርሷ እጅ። ሴት ልጅ። የልደት ወረቀቷ ላይ ግን የሰፈረው የአዲሱ ወረዳ ስም ነው።
አባ ሥርዓት ሊጠይቁ መጡ። ሕፃኗን አይተው ሲጨርሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የበረንዳውን ቃለ ጉባኤ ማን ያጸድቀዋል?»
ለካ እሱም አልተፈረመም!
«የሚቀጥለው ስብሰባ ነዋ» አልኳቸው።
ቀን አልቆረጥንም። መዝገቡንም አልዘጋሁትም።